ቀኗን ስልክ ሲቆጥርላት

አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 የጤና መከታተያውን በአይፎን ላይ ሲያወጣ፣ ሰው የእርምጃውን ብዛት፣ የእንቅልፉን ሰዓት፣ ከምግብ ያገኘውን ክሮሚየም ሳይቀር መመዝገብ ይችል ነበር። የወር አበባ ግን አልነበረበትም፤ የገባው በዓመቱ ነው። ሥርዓተ ጾታን ለወጣቶች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የተረሳው የግማሽ የሰው ዘር ጉዳይ ነዋ! ይህን ሲማሩ ወንዶቹን ከክፍል ማስወጣት አይገባም፤ ነገ መተግበሪያውን ከሚሠሩት መካከል እነሱም አሉ።

ዛሬ የወር አበባ የሚቆጥሩ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። የ15 ዓመቷ ልጅ ስልኳ «ከ12 ቀን በኋላ ይመጣል» ሲላት ሆዷን ያየላት ይመስላታል። ስልኩ የሚያውቀው ግን እሷ የመዘገበችለትን ብቻ ነው። ካለፉት ወራት አማካይ ያወጣል፤ መዝገብ ከሌለው ብዙውን ጊዜ ከ28 ቀን ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ከ600,000 በላይ የወር አበባ ዑደቶችን መርምሮ ልክ 28 ቀን የሆኑት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

ዑደትን በይበልጥ የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረው የመጀመሪያው አጋማሽ ነው። እንቁላል በስላ እስክትለቀቅ ያለው ጊዜ በሕመም፣ በጭንቀት ወይም በክብደት መቀነስ ሊዘገይ ይችላል። ከተለቀቀች በኋላ ያለው ጊዜ ያን ያህል አይለዋወጥም። ቀን ብቻ የሚቆጥር ስልክ ደግሞ መለቀቋን አያይም፤ ስለዚህ እርግዝናን ለመከላከል በዚህ ግምት መተማመን አደገኛ ነው። የወር አበባ ማየት በጀመሩ ልጃገረዶች ዘንድ ዑደቱ ከ21 እስከ 45 ቀን ቢሆን የተለመደ ነው። «ዘግይቷል» የሚል መልእክት ያስደነገጣት ታዳጊ ይህን ቀድማ ብትሰማ ኖሮ ምን ያህል በቀለላት!

መዝገቡ የት ይሄዳል? የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ፍሎ የተባለው የወር አበባ መቁጠሪያ መተግበሪያ ባለቤት የተጠቃሚዎችን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከሶ፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2021 በስምምነት አልቋል።

ሌላ መንገድም አለ። የዩኒሴፍ «ኦኪ» በኢንዶኔዥያና በሞንጎሊያ ከልጃገረዶች ጋር ተመክሮበት የተሠራ ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አንድ ስልክ የሚጋሩ ልጆችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የይለፍ ቃል አላቸው። ስልኩ የእናት ወይም የታላቅ ወንድም በሆነበት ቤት፣ ልጅቷ ቀኗን ጽፋ ስልኩን መልሳ ልትሰጥ ትችላለች።