ስልክና እንሰት በሐድያና በከምባታ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሁሉ ስለ መጪው ዘመን የሚነሣው ክርክር ከእጅ ስልክ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል፤ ከወጣቶቹ ብዙዎች ወደዚያ ተሰድደው ሱቅ ከፍተው ስለሚነግዱ፣ ወላጅ የልጁን መልክ የሚያየው በስልክ መስተዋት ነውና። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በአገር ውስጥ ገንዘብ ያለ ባንክ ወረፋ ይተላለፋል። ልጁ ሳይመጣ ድምፁ መምጣቱ ለእናት መጽናናት ይሁን ሰቀቀን፣ እኔ ለመፍረድ አልደፍርም።

ይልቅስ የሚያስገርመኝ፣ ከስደት በመጣ ገንዘብ ፎቅ በሚሠራበት በዚሁ አገር፣ የሕዝቡ ሲሳይ የሆነው እንሰት እስከ ዛሬ በአብዛኛው በሴቶች ጉልበት መፋቁ ነው። ሴቲቱ በዘመመ ሳንቃ ፊት ተቀምጣ፣ ከግንዱ የተገፈፈውን ሽፋን በተረከዟ ረግጣ ይዛ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቀዋለች፤ የተፋቀውንም በጉድጓድ ቀብራ ቆጮ እስኪሆን ታብላላዋለች። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት መፋቂያ መኪና ሠርተዋል፤ ነገር ግን መኪናው እንደ ስልኩ ፈጥኖ ከየጓሮው አልደረሰም፤ ይህም፣ እንደሚመስለኝ፣ ገንዘቡን የሚያዝዘው ወንድ፣ የምትፍቀው ሴት ስለሆነች ነው።