ከግንባታ ማሽን የሚወጣውን መንገድ ስለ መገደብ

የቀድሞው የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በኬላ በሮች ያስጠብቅ ነበርና፣ ቦንጋ ላይ ስለ ኬላ ማስረዳት አይከብደኝም። ኬላ ገቢውንም ወጪውንም ያያል፤ ሶፍትዌር በራስ ሰር በሚገነባበት ማሽን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንፈትሸው የሚገባውን ብቻ ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. አጥቂ በኮድኮቭ ስክሪፕት ላይ አንዲት መስመር ጨመረ። ስክሪፕቱ ከታወቀ ምንጭ ስለሚመጣ ደንበኞች አመኑት፤ እርሱም የይለፍ ቃሎቻቸውንና ቁልፎቻቸውን ለሁለት ወር ያህል ወደ ባዕድ ሰርቨር ላከ።

ስለዚህ ወጪ ግንኙነትን ሁሉ አስቀድመን እንዝጋ፤ ግንባታው የሚያስፈልጉትን አድራሻዎች ብቻ በስም እንፍቀድ፤ የተከለከለውን ሙከራ ሁሉ እንመዝግብ። በተፈቀደ አድራሻም ምስጢር ሊሾልክ ስለሚችል መከላከያው ምሉዕ አይደለም። ነገር ግን ሌባው ቢገባ እንኳ መውጫው ይጠብበታል፤ ሙከራውም ያጋልጠዋል።