ስለ ገበሬ ቤት ዕዳና ስለ መክፈያው ወራት

በአማርኛ ቀላል ነገርን «ዕዳው ገብስ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህን አነጋገር ያመጣው ሰው በሐምሌ ገብስ ተበድሮ በጥር የከፈለ አይመስልም። በገበሬ ቤት ዕዳ የሚከብደው በገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በሚበደሩበትና በሚከፍሉበት ወራት ነው። ስለዚህ ባላገርን የሚያስተዳድር ሹም ሁሉ የዕዳን መንገድ ከነወራቱ ሊያውቀው ይገባል።

ብዙ ገበሬ ያለፈውን ዓመት እህል በግንቦትና በሰኔ ይጨርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ዘሩ በመሬት ውስጥ፣ ጎተራው ባዶ የሆነበት፣ እህልም በገበያ የሚወደድበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ገበሬው ወደ ነጋዴ ወይም ወደ ጎረቤት ባለጸጋ ሄዶ ይበደራል። አዲሱ እህል በታኅሣሥና በጥር በአውድማ ሲወቃ ግን አበዳሪው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢውና ግብር ተቀባዩ ተከታትለው ይመጣሉ። ሁሉም ገበሬ ባንድ ጊዜ እህሉን ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ለምሳሌ አንድ ኩንታል ጤፍ በነሐሴ 9,000 ብር፣ በጥር 6,000 ብር ቢሸጥ፣ በነሐሴ የአንድ ኩንታል ዋጋ የተበደረ ሰው ወለድ ሳይጨመርበት እንኳ አንድ ኩንታል ተኩል ሸጦ ይከፍላል። እንግዲህ ያ ሰው በሚመጣው ሐምሌ ጎተራው ቀድሞ እንደሚባዶ የታወቀ ነው፤ ዕዳም ዕዳን የሚወልደው በዚህ አኳኋን ነው።

አራጣ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። በወር ከመቶ ዐሥር የሚከፈልበት 1,000 ብር፣ ወለዱ በየወሩ ወደ ዋናው ቢገባ፣ በዓመቱ 3,138 ብር ይሆናል። አራጣን ፍትሐ ነገሥት ይከለክላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተዋዋዮች የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። ነገር ግን አራጣ አበዳሪ 1,000 ብር ሰጥቶ 2,000 ብር አበደርሁ ብሎ በውል ያስፈርማል። ዳኛው ወረቀቱን ብቻ አይቶ ከፈረደ ሕጉ ቢኖርም ለተበዳሪው እንዳልኖረ ነው።

ሌላው መንገድ ወለድ አገድ ነው። ይኸውም አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ በወለድ ፈንታ የተበዳሪውን መሬት እያረሰ ፍሬውን ይበላል። ከእርሻው የተለየ ገበሬ ዋናውን ገንዘብ ከየት አምጥቶ ይመልስ? መሬቱ በስም የእርሱ ሆኖ ሳለ እርሱ በሰው መሬት ላይ የቀን ሙያተኛ ይሆናል።

ከሁሉም የሚጎዳው የበሬ መሸጥ ነው። ጥማድ በሬ ያለው ሰው አንዱን ለዕዳ ሲሸጥ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ የሚያርሰውም ተራው ሲደርስ እንጂ ዝናቡ ሲመቸው አይደለም። ሁለተኛውንም ከሸጠ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ምርቱም በእኩሌታ ይጎድላል። ዕዳው ተከፈለ ተብሎ በመዝገብ ይጻፋል፤ ቤቱ ግን ከዚያ በኋላ መክፈል የማይችል ቤት ሆኗል። ይህን የሚጽፍ መዝገብ በየትም ወረዳ አይገኝም።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛን ለባለርስቱ ከነበረበት ዕዳ ነጻ አውጥቶት ነበር። ዕዳ ግን አበዳሪውን ለወጠ እንጂ ከገበሬው ቤት አልወጣም። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር በሰፊው ታደለ፤ የክልል መስተዳድሮችም በበጀታቸው ለባንክ ዋስ ሆኑ። ዋስ የሆነ ሁሉ ገንዘቡን ለማስመለስ መቸኮሉ የማይቀር ነውና፣ መሰብሰቡ በየወረዳው ሹማምንት ላይ ወደቀ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ እጅግ ተትረፍርፎ ስለ ተገኘ ዋጋው በብዙ ገበያ ከግማሽ በታች ወረደ፤ የማጨጃና የማጓጓዣ ወጪውን አይመልስም ብለው እህሉን በማሳ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። የማዳበሪያው ዕዳ ግን በብር የተቈጠረ ስለ ሆነ ከዋጋው ጋር አልወረደም፤ ብዙዎችም ከብታቸውን ሸጠው ከፈሉ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲጎድል፣ በጥጋብ ዓመት የተራቈተው ቤት በችግሩ ዓመት የሚሸጠው አልነበረውም። በ1995 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእህል ርዳታ ፈለገ። ድርቁ የዝናብ ጉድለት ነበር፤ ጉዳቱ ግን ዕዳ ባስወጣው ከብትና እህል ልክ ጨመረ።

የሠርግና የተዝካር ብድርም እንዳለ አይካድም። ሹማምንት ብዙ ጊዜ የሚወቅሱት ይህን ነው፤ ይሁን እንጂ በሐምሌ ለልጆቹ ቀለብ የተበደረን ሰው ስለ ድግስ መምከር ምን ይጠቅመዋል?

የጋራ ዋስትናም ማስተዋል ይፈልጋል። ጎረቤታሞች እርስ በርሳቸው ዋስ ሆነው ከብድርና ቁጠባ ተቋም ሲበደሩ፣ አንዱ አገር ጥሎ ቢሄድ ቀሪዎቹ ይከፍላሉ። «ዕዳ ከሜዳ» የሚባለው ይህ ነው፤ ትጉሁ ገበሬም በሌላው ስንፍና ወይም መከራ በሬውን ያጣል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ገበሬ ለመኖር የሚያስፈልጉትን ከብቶችና የዘር እህል ለፍርድ ዕዳ እንዳይያዙ ይጠብቃል። ሰብሳቢ ኮሚቴ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደጅ በሬ ፈትቶ ቢወስድ ለመንግሥት ሥራ አፋጠነ አይባልም። በውል የሚቻል ሲሆን የመክፈያውን ቀን ከጥር ወደ ሚያዝያ ማሻገር፣ ወይም ገበሬው በጥር እኩሌታውን ከፍሎ የቀረውን እህል በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጎተራ አኑሮ ዋጋ ሲነሣ እንዲሸጥ መፍቀድ፣ ከብቱንም የአበዳሪውንም ገንዘብ ያድናል።

ከዚህ በፊት ግን ዕዳውን በሙሉ ማወቅ ያስፈልጋል። የማኅበሩ ጸሓፊ የማዳበሪያውን፣ ተቋሙ የብድሩን፣ ነጋዴው የእህሉን ብቻ ያውቃል፤ ሦስቱን ደምሮ የሚያውቅ የገበሬው ሚስት ናት። አጣሪ ወደ ቀበሌ ሲላክ እርስዋንም ይጠይቅ፤ የሚሄድበትም ጊዜ እህሉ በአውድማ በተከመረበት በጥር ሳይሆን ጎተራው በተራቈተበት በነሐሴ ይሁን።