አዲሷ መኪናዎ ሳጉሬ አድራ ብትዝግ

አዲሷን መኪና ለቤተሰብ ለማሳየት ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ በአዳማና በአሰላ አድርገው ሳጉሬ ገቡ እንበል። ወሩ ነሐሴ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል፤ ጉሙም ግቢውን ሸፍኖታል። ጠዋት ልጆቹ ወደ መኪናዋ ሲሮጡ አንደኛው በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ «መኪናችን ዝጋለች!» ይላል። ጎንበስ ብለው ያያሉ። ትናንት እንደ መስታወት ያበራ የነበረው የፍሬን ዲስክ ዛሬ ብርቱካንማ ሆኗል።

እኔም ያን ጠዋት አሳልፌዋለሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አሮጌ አድሰው ሸጡልኝ» የሚል ነበር፤ ቡናዬን ሳልጨርስ ለሻጩ ደወልኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ፣ ሰውየው ሊያረጋጋኝ ሲሞክር ይባስ ጠረጠርኩት። አሰላ ያየልኝ መካኒክ ግን ጎማውን እንኳ ሳይፈታ ሳቅ ብሎ «ንዳው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብዙ መኪኖች ዲስክ የሚሠራው ካስት አይረን ከሚባለው የብረት ዓይነት ነው። የመኪናዋ አካል በቀለም ይጠበቃል፤ ፓዱ የሚነክሰው የዲስኩ ፊት ግን ቀለም ቢቀባም ፍሬን ሲያዝ ይላጣል። ስለዚህ ራቁቱን ይቀራል። ራቁት ብረት ውሃና አየር ካገኘ ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። ጨው ያለበት የባሕር አየር ሲጨመር ይብሳል፤ መኪኖቻችን በመርከብ ጅቡቲ ደርሰው የሚገቡ በመሆናቸው፣ በርክክቡ ዕለትም ዲስኩ ላይ ዝገት ቢያዩ አይደንግጡ።

ይህ ስስ ዝገት ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲይዙ ይፋቃል። መጀመሪያ የመፋቅ ድምፅ ይሰማሉ፣ ከዚያ ይጠፋል። ብቻ የመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች እንደወትሮው ላይዙ ስለሚችሉ ከግቢ ሲወጡ በዝግታ ይሁን፤ ልጆች በራፍ ላይ ካሉ ደግሞ ይበልጥ።

መኪናዋ ለሳምንታት ወይም ለወራት ቆማ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዝገቱ ዲስኩን ይቦረቡራል። ብዙ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም ድምፁ ካልጠፋ፣ ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ከተንቀጠቀጠ፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከጎተተች ጋራዥ ይውሰዷት። ቶርኖ ሊያስተካክለው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ የተጻፈ ዝቅተኛ ውፍረት አለ። ከዚያ በታች የሳሳ ይቀየራል፣ የግራና የቀኙም አብሮ።

ኢትዮጵያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የብዙ ቤተሰብ አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ሆኗል። እዚያ ላይ ዝገቱ ይበልጥ ይቆያል። ምክንያቱም እግርዎን ከመስጫው ሲያነሡ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ መኪናዋን ያዘገያታል፤ ዲስኩ ሥራ ይፈታል። መንገዱ ደረቅና ክፍት ሲሆን፣ ከኋላ ማንም አለመኖሩን አይተው፣ አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርገው ፍሬን ይያዙ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አሰላ ላይ ባትሪውን ሞልተው ወደ አዳማ ቁልቁል ሲወርዱ፣ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል እንደልብ ስለማይቀበል የሞተሩ እገዛ ይቀንሳል። ያኔ ሸክሙ በዲስኩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነትዎን ገና ከላይ ይቀንሱ።

ዲስኩን ዘይት፣ ግሪስ ወይም ዝገት ማስለቀቂያ ፈሳሽ አይቀቡት። ሲያሳጥቡም ከሥር ናፍጣ የሚረጭ ካለ ዲስኩ እንዳይነካ ይንገሩት። ፓዱ ዘይት ከጠጣ መኪናዋ አትቆምልዎትም። ከእጥበት በኋላ ከማቆምዎ በፊት ትንሽ ነድተው፣ ፍሬን ደጋግመው ይዘው ያድርቁት።

እርጥብ መኪና የእጅ ፍሬኗ ተይዞ ለብዙ ቀን ከቆመች ፓዱ ከዲስኩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ሜዳ ላይ ከሆነ በማርሽ ወይም በ«ፒ» አቁመው ጎማውን በድንጋይ ማስደገፍ ይበቃል። እንደ ቤተሰቦቼ ግቢ ተዳፋት ከሆነ ግን የእጅ ፍሬኑን ይሳቡት፤ ድንጋዩም አይቅር።