ፈረሶቹን ያዳኑ ወታደሮች
ስለ አንድ ሲኒማ በመቀሌ ከተማ የሰማነው አሳብ

ሚያዝያ 23 ቀን የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በተከበረበት ማታ፣ በመቀሌ ከተማ ወደ አንድ ወዳጃችን ቤት ተጠርተን ሄደን ነበር። ከራት በኋላ የቤቱ ጌታ ለዕለቱ የሚስማማ መስሎአቸው አምባላይ ፈረሶች የሚታዩበትን አንድ የቆየ ሲኒማ በቴሌቪዥን አሳዩን። ሲኒማው ካለቀ በኋላ በእንግዶቹ መካከል የተነሣው ክርክር ከሲኒማው ይልቅ ረዘመ። ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ቁም ነገር ስላገኘንበት፣ የሰማነውን በዚህ ገጽ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ሲኒማው በ1955 ዓ.ም. በዋልት ዲዝኒ ኩባንያ የወጣ ሲሆን መሠረቱ እውነተኛ ታሪክ ነው። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪዬና ከ400 ዓመት በላይ የቆየ፣ የስጳኝ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት የሚባል አለ። በዚያ የሚሠለጥኑት ፈረሶች ሊፒዛነር ይባላሉ። ይህን ስም ያገኙት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1572 ዓ.ም. የፈረስ ማርቢያ ከተቋቋመባትና ዛሬ በስሎቬንያ ከምትገኘው ከሊፒጻ መንደር ነው። ውርንጭላው ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ ይወለድና ዕድሜው ከስድስት እስከ ዐሥር ዓመት ሲደርስ እያደር ነጭ ይሆናል። ከዚያም ጌታው በትዕግሥት ሲያስተምረው በኋላ እግሮቹ ብቻ ይቆማል፤ ወይም ከመሬት ተነሥቶ በአየር ላይ ሳለ ይራገጣል። ይህ ጨዋታ ቀድሞ ለጦር ሜዳ የተማረው ጥበብ ነው ይባላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ ቪዬና በአውሮፕላን ትደበደብ ነበር። በእኛ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ባልደራስ ልንላቸው የምንችል የትምህርት ቤቱ አለቃ ኮሎኔል አሎይስ ፖድሃይስኪ፣ በመጋቢት 1937 ዓ.ም. ድንጉላዎቹን በባቡር አስጭነው ቅዱስ ማርቲን ወደሚባል የገጠር ስፍራ አሸሹአቸው። ባዝራዎቹ ግን ከውርንጭሎቻቸው ጋር አስቀድመው በቼኮዝሎቫኪያ አገር ሆስታው ወደምትባል መንደር ተወስደው በጀርመን ሠራዊት እጅ ነበሩ። ከምሥራቅ የሶቪየት ሠራዊት ይገሠግሥ ነበር። በረኃብ ዘመን የፈረስ ሥጋው እንጂ ዘሩ አይታይምና ይታረዳሉ ተብሎ ተፈራ።

በዚህ ጊዜ በሆስታው ያሉት ጀርመኖች፣ ጠላታቸው ከሆነው ከአሜሪካው የፈረሰኛ ክፍል አዛዥ ከኮሎኔል ቻርልስ ሪድ ጋር ተላላኩ። ጀርመናዊው የእንስሳት ሐኪም ካፒቴን ሩዶልፍ ሌሲንግና አሜሪካዊው ካፒቴን ቶማስ ስቱዋርት፣ አገሮቻቸው ገና እየተዋጉ ሳሉ፣ የጦሩን መስመር አብረው ተሻግረው ስለ ፈረሶቹ ተነጋገሩ። ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ ሆስታው ገብተው ከሺሕ የሚበልጡ ፈረሶችን ተረከቡ፤ በዚያ የነበሩ የጦር ምርኮኞችም ነፃ ወጡ። ሚያዝያ 29 ቀን ደግሞ ኮሎኔል ፖድሃይስኪ በጀነራል ፓተን ፊት ድንጉላዎቹን አሳዩ። በመጨረሻም ጥበቃ እንዲደረግላቸው ለመኑ። ጀነራሉ ራሳቸው የፈረሰኛ ልጅነት ትምህርት የነበራቸው ሰው ነበሩና ልመናውን ተቀበሉ። ትምህርት ቤቱ ከ10 ዓመት በኋላ ወደ ቪዬና ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም አለ።

ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ወደ ተመልካቾቹ አሳብ እንመለስ።

አስቀድሞ የተናገረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። «ጦርነቱ አነሰ፣ ወሬው በዛ፤ ፈረሶቹ በታዩ ጊዜ ግን ዓይኔን ማንሣት አልቻልሁም» አለ። በዚህ ፍርድ ብዙዎቹ ተስማሙ።

ሁለተኛው በጦር ሠራዊት ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እርሳቸውም፦ «የፈረሱ ማማር አልጠፋኝም። ነገር ግን በዚያ ስፍራ የሞተ ወታደር አለን?» ብለው ጠየቁ። በሆስታው አካባቢ በተደረገው ውጊያ ሁለት አሜሪካውያን እንደ ሞቱ ነገርናቸው። «እንግዲህ ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሞተ ልጅ እናት የፈረስ ዘር ምን ያደርግላታል? አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። ፈረስ ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለፈረስ አልተፈጠረም» አሉ። ቤቱ ዝም አለ። በዚህ ከተማ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ልጅ ያልጎደለበትን ቤት ማግኘት ቀላል አይደለምና፣ የሽማግሌውን ቃል ለመመለስ የደፈረ አልተገኘም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡና ስታቀርብ የነበረች አንዲት እናት ረከቦቱን ወደ ጎን አድርጋ እንዲህ አለች፦ «አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ከሰው ነፍስ የሚበልጥ የለም። እኔ ግን ሲኒማውን ሳይ ያሰብሁት የወንድሜን በሬዎች ነው። በገጠር ሳለ ጥማዱ የታረደበት ቀን እርሻውም፣ የልጆቹም እንጀራ አብሮ ታረደ። ያረዱት ሰዎች ሥጋ አዩ፤ እኛ ግን የሚመጣውን ዓመት አየን። በዚያን ቀን ይህን ከብት ተዉት፣ የሰው ቤት ነው የሚል አንድ ወታደር ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ እስክሞት እመርቀው ነበር። ለእንስሳ ያዘነ ልብ ሰው ላይ ለመጨከን ያፍራል።»

ሽማግሌው ይህን በሰሙ ጊዜ አቀርቅረው ቆዩና፦ «ልጄ፣ ይህን አላሰብሁትም ነበር» አሉ። ቀጥለውም፦ «ቢሆንም የፈረሶቹን ታሪክ የሚያወራ ሰው የሁለቱን ልጆች ስም ካላነሣ ታሪኩ ጎዶሎ ነው» ብለው ፈጸሙ። እኛም በችሎት የሁለቱን ወገን ቃል ሳናደላ መጻፍ ልማዳችን ስለ ሆነ፣ ስማቸውን በዚህ እንጽፋለን፤ ሬይመንድ ማንዝና ኦወን ሰተን ይባላሉ።

ከእንግዶቹ አንዱ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን መምህር ደግሞ በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ሥዕል አመለከቱ። «ሰማዕቱን ስንስል ከአምባላይ ፈረሱ ለይተን አንስልም። ጠቢቡ ሰሎሞንም ጻድቅን ከኃጥእ ሲለይ ለእንስሳ መራራትን አንድ ምልክት አድርጎታል» አሉ።

የመምህሩ ቃል የአገራችንን የቆየ ልማድ አሳሰበን። በቀድሞው ዘመን መኳንንት ሲጓዙ በበቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ የጦር ፈረሳቸው ግን ለውጊያና ለጉግስ ኃይሉ እንዲቈይለት ግላሱን ለብሶ በሎሌ እጅ ይሳባል። ጀግናው የሚፎክረውና የሚወደሰውም በፈረሱ ስም ነው። በዚሁ በመቀሌ ቤተ መንግሥታቸው ቆሞ የሚታየው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ ተባሉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ። የራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው ነበረና በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ በዚህ ስም ተጠራ። ዛሬ ወደ መቀሌ በአየር የሚመጣ መንገደኛም የሚወርደው በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ይኸውም የራስ አሉላ የፈረስ ስም ነው። ፈረሶቹ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስማቸው ግን አውሮፕላን ሲያርፍ ይጠራል። ስሙን እንዲህ አክብረን ስንጠብቅ፣ የፈረሱን ዘርና አያያዝ ግን እንደ ስሙ አልጠበቅንም።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። የሽማግሌው ቃል የማይሻር ነው፤ ሰው ከፈረስ ይበልጣል። ነገር ግን በሆስታው የሆነውን በደንብ ብንመለከተው፣ ሰውና ፈረስ በሚዛን ቀርበው ፈረሱ አልበለጠም። ስለ አገር፣ ስለ ድንበርና ስለ ክብር ለመስማማት ያልቻሉ ሁለት ጠላቶች፣ ስለማይናገር እንስሳ ለመስማማት ቻሉ። በዚያም ምክንያት ባዝራዎቹ ተረፉ፤ ምርኮኞቹም ከእስራት ወጡ። ርኅራኄ ከየት በር ይግባ ከየት፣ አንድ ጊዜ ከገባ ወደ ሰው መድረሱ አይቀርም። የእርቅን ነገር ለሚያስብ ሁሉ ይህ ታላቅ ትምህርት ይመስለናል።

ርኅራኄም በጦር ሜዳ የሚጀመር ነገር አይደለም፤ በቤት ይለመዳል። ልጅ በከተማችን መንገድ ጋሪ የሚጎትት ገጣባ ፈረስ በአለንጋ ሲመታ አይቶ ሲስቅ ወላጆቹ ዝም ቢሉት፣ በጎልማሳነቱ ምን ዓይነት ልብ እንደሚኖረው መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ይህን ሲኒማ ከልጆቻችሁ ጋር ብታዩት መልካም ነው። ከዚያም ከቤታችሁ በር የሚቆም የጋሪ ፈረስ ቢኖር፣ ልጁ ውኃ እንዲያቀርብለት እዘዙት፤ ባለጋሪውንም የፈረሱን ቁስል ሳያሳክም ኮርቻ እንዳይጭንበት በትሕትና ምከሩት።

በዚያች ማታ ከወዳጃችን ቤት ስንወጣ ሽማግሌውን እስከ ደጃቸው ሸኘናቸው። በመንገድ ላይ ስለ ሲኒማው ዳግመኛ አልተናገሩም። ከደጃቸው ሲደርሱ ግን ዘወር ብለው፦ «የዚያች ሴት ወንድም አሁን በሬ ገዝቶ ይሆን?» ብለው ጠየቁን። አናውቅም ነበርና፣ በማግሥቱ ጠይቀን እንድንነግራቸው አዘዙን።