ላፕቶፑስ ሄደ፤ ሥራውስ?

ለመሆኑ ወዳጆቼ፣ የስድስት ወር ልፋታችሁ ያለው የት ነው? «ላፕቶፔ ላይ ነዋ!» የሚል ካለ እስቲ ቁጭ ይበልና እንጨዋወት።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ ሰው በእጁ የገባውን ይዞ ነው የወጣው። ኅዳር መጨረሻ ላይ መንግሥት ከተሞቹን ማስመለሱን ሲያስታውቅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ተገኘ። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል። በውስጡ የነበረው የተማሪ መመረቂያ ሥራስ? «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» እያሉ ፍላሽ ላይ ማጠራቀም መላ ይመስላል። ግን ፍላሹም የሚቀመጠው ከላፕቶፑ ጋር እዚያው ቦርሳ ውስጥ አይደል?

መላው ጊት ይባላል። የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ነው፤ ዋጋ አይከፈልበትም። በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆኖ «ጊት ኢኒት» ማለት፣ ስምና ኢሜይልን አንዴ ማስመዝገብ፣ ከዚያ ደህና የሚሠራ ነገር በተገኘ ቁጥር «ኮሚት» ማድረግ፤ በቃ። ትናንት የሠራችሁትን ዛሬ ብታበላሹት ወደ ትናንቱ ትመለሳላችሁ።

እኛን ይበልጥ የሚጠቅመን ደግሞ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መስመር በሌለበት ቀን ጊትሃብ ላይ መጫን አይታሰብም። «ጊት ባንድል» ግን ሥራውን ከነሙሉ ታሪኩ በአንድ ፋይል ይጠቀልለዋል። እሱን በፍላሽ ይዞ ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛ ላፕቶፕ ላይ መገልበጥ ነው። አንዱ ከተማ ላይ ያለው ቢጠፋ ሌላው ጋ አለ።

እዚህ ላይ ግን ጓደኝነት የሚያፈርስ ጣጣ አለ። ሁለት ልጆች ተጣምረው ለአንድ ባለሱቅ ድረ ገጽ ይሠራሉ እንበል። አንደኛው የዳታቤዙን የይለፍ ቃል የማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ እንደጻፈ ሁሉንም ጠራርጎ ሰው ሁሉ የሚያየው ጊትሃብ ላይ ይጭነዋል። ሌላው ሲያይ ያብዳል። «ኧረ አጥፍቼዋለሁ!» ይላል የጫነው። ጉዱ ይሄ ነው፤ ማጥፋቱ አያድንም። ጊት ታሪክ አይረሳም፣ የድሮውን ኮሚት የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። እንዲህ ያለውን ፋይል ለቅሞ ለመውሰድ ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞችም አሉ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት «ጊትኢግኖር» የሚባለውን ፋይል ፍጠሩ፤ የይለፍ ቃል የያዘውን «ኢኤንቪ» ፋይል ስም እዚያ ጻፉት፣ ጊት አያነሳውም። ለሥራ ባልደረባ የሚሰጠው ባዶ ናሙናው ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ ስትጭኑ ደግሞ «ዲበግ» የሚለውን ዝጉ። ክፍት ከሆነ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የቤታችሁን ምስጢር ለመንገደኛው ያሳያል። ከሰው የቀዳችሁትን ማዋቀሪያ ሳታነቡ አትለጥፉ፤ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

አምልጦ ከወጣስ? ማን እንዳጠፋ ቡና ላይ ትጨቃጨቃላችሁ፤ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉ ይቀየር። ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለባለሱቁም ያኔውኑ ንገሩት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእናንተው ይስማ።