«ልቤን ያመኛል»

አዳማ ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው አግኝታችሁ «ሚሲዮኑ የት ነበር?» ብትሉት እጁን የሚዘረጋው ወደ ሆስፒታሉ ነው። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ወደሚባለው፣ ለረጅም ዘመን ግን በሸዋው አርበኛ ስም ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲባል ወደ ኖረው ማለት ነው። ሜኖናውያን የሚባሉት ክርስቲያኖች ከአሜሪካ መጥተው በ1946 ሥራ ሲጀምሩ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያገኙት ቤት ጣልያን ትቶት የሄደ የጥጥ መዳመጫ ነበር። ጥጥ ይዳመጥበት በነበረው ቤት የበሽተኛ አልጋ ተዘረጋ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት አንድ ስሕተት ላርም። «አዳማን ናዝሬት ብለው የሰየሟት ሚሲዮኖቹ ናቸው» የሚል ሰው በየጊዜው ያጋጥመኛል። አይደለም። ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት ወስደው የሰጧት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። አዳማ የሚለው የቀደመ ስሟ ከቁልቋል የኦሮምኛ መጠሪያ የመጣ ነው ይባላል፤ በ2000 በይፋ ተመልሶላታል። ሚሲዮኖቹ ከተማዋን ለመዷት እንጂ አልሰየሟትም።

እኔ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ሕንፃውን አይደለም፤ ከሕንፃው ጋር የኖረውን ሰው ነው፤ በሰው አገር የሸመገለውን ሚሲዮናዊ። ስለ እሱ የምናውቀው ትንሽ ነው። ግማሻችን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መንገድ ላይ የሚሰብክ ይመስለናል፤ ግማሻችን ደግሞ ዶላር ተሸክሞ የመጣ። እኔ ግን በልጅነቴ ጎረቤቴ ስለነበሩ አንዷን አውቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነበር የሚላቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም። ወጣት ሳሉ በሆስፒታሉ ጥቂት ዓመታት በነርስነት ሠርተው ሄዱ። ከደርግ መውደቅ በኋላ፣ ጡረታ ወጥተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ተመለሱና ከቤታችን ሁለት በር አልፎ ያለውን ቤት ተከራዩ።

ቀናቸው ቀላል ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ሲቀሰቅሳቸው ይነሣሉ። ፀሐይዋ ሳትበረታና የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሳያነሣ በእግራቸው ይሄዳሉ። ከዚያ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ለነርስ ተማሪዎች ያስጠናሉ፤ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ካለ ለቅሶ ይደርሳሉ። እድር ገብተው ነበር። ድንኳን ውስጥ ከእናቶች መካከል አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ሲቀበሉ አይቻለሁ። ቡና ሲጠሯቸው እስከ በረካ ይቆያሉ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚያሳድሱበት ቀን ሲደርስ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ በዚያ ቀን ብቻ ነበር ደክሟቸው የማየው።

ስለ ሜኖናውያኑ ማኅበር ታሪክ በአጭሩ፦ በ1951 የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች ተጠመቁ። ከዚህም መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተገኘች። ስሟ ሜኖናውያን በስሙ የሚጠሩበት የ16ኛው መቶ ዘመኑ የሆላንድ ሰው ሜኖ ሲሞንስ በየጽሑፉ ራስጌ ያኖረው ከነበረው ጥቅስ፣ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ጋር የተሳሰረ ነው። በ1959 የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ተከፈተ። በ1960ዎቹ የከተማዋ ተማሪዎች እንግሊዝኛ እንማር ብለው ወደ ሚሲዮናውያኑ ሄዱ፤ «የሰማይ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ከዚያ ወጣ። በዚያው አሥርት አመራሩ ወደ ኢትዮጵያውያን ተላለፈ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሚሊዮን በለጠ ነበሩ። በ1982 ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን ከአራት ዓመት በላይ አሰረ። 5 ሺህ ያህል ሆነው የተዘጋባቸው ምእመናን በየሰው ቤት በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቆይተው በ1991 ሲወጡ ከ30 ሺህ በልጠው ተገኙ። ያ ሁሉ ሲሆን ፈረንጅ በመካከላቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሲስተር ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ «እኛ ሳንኖር ነው ያደገው» ይሉ ነበር፤ ደስ ብሏቸው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ወደ ቋንቋቸው።

በ1944 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 3 የሚሲዮኖችን ሥራ ሲደነግግ አገሩን ለሁለት ከፍሎት ነበር። አንዱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር፤ በዚያ ማከምና ማስተማር እንጂ የራስን ሃይማኖት መስበክ አይፈቀድም ነበር። ሁለተኛው ክፍት አካባቢ ነበር። ማስተማሪያው ቋንቋ በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን፣ ሚሲዮናዊውም አማርኛ እንዲማር አዘዘ። ብዙ ሰው ይህን ድንጋጌ የሚያነሣው ስለ ክልከላው ነው። እኔ ግን የቋንቋው አንቀጽ ይበልጥብኛል፤ የሚሲዮናዊውን ዕለታዊ ኑሮ የወሰነው እሱ ነውና። ቁስል ማሰር የሚያውቅ የተማረ ሰው፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ሕፃን «ሀ ሁ» እያለ ይቀመጣል። ቀ እና ከን፣ ጠ እና ተን ለመለየት ጉሮሮው ይታገላል።

ሲስተር ፊደሉ አላስቸገረኝም ይሉ ነበር። ያስቸገራቸው ሰውነታችን ነው። በሆስፒታሉ የመጀመሪያ ወራቸው አንዲት ሴት መጥታ «ልቤን ያመኛል» አለቻቸው። ሲስተር ማዳመጫውን አንሥተው ደረቷ ላይ አደረጉ። ልቧ እንደ ሰዓት ይመታል። እንደገና ጠየቋት፤ «ልቤን» አለች እንደገና። በሦስተኛው አንድ ድሬሰር፣ በሆስፒታሉ የሠለጠነ የሕክምና ሠራተኛ፣ ጠጋ ብሎ ሴትየዋን «የቱ ጋ ነው? በእጅሽ አሳዪኝ» አላት። እጇን ከጡቷ በታች፣ ከእንብርቷ በላይ አሳረፈች። ጨጓራዋ ነበር።

እኛ ይህን ማስተዋል አቁመናል። «ልቤን አቃጠለኝ» ስንል ጨጓራችንን ነው፤ «ልቤን አጥወለወለኝ» ስንል ሊያስመልሰን ነው። «ሆዴ ባባ» ስንል ደግሞ ሆዳችን ደህና ነው፤ አዝነን ነው። ቂም የምንይዘው በሆድ፣ የምንጠግበው በሆድ፣ የምንደፍረው በልብ፣ የሚያስመልሰንም ልባችን ነው። የኦሮምኛ ተናጋሪውም «ገራ» ሲል ሆዱንም ስሜቱንም ሊል ይችላል፤ ከዝዋይም ከአርሲም ከሎሜም የሚመጣው በሽተኛ ይህን ይዞ ነው በሩ ላይ የሚቆመው። በዚያ ላይ «ምች መታኝ» አለ፤ «ብርድ ገባኝ» አለ፤ «መጋኛ» አለ። የነርስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ለእነዚህ ምዕራፍ የለም። ሲስተር ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ነበራቸው፤ አንድ ሰው ያለውን ቃል በግራ፣ እጁን ያሳረፈበትን ቦታ በቀኝ ይጽፉ ነበር። ፍቺውን ለመጻፍ አይቸኩሉም። «ምች» ያለው ሰው አንድ ጊዜ ከንፈሩን፣ አንድ ጊዜ ግንባሩን፣ አንድ ጊዜ መላ አካሉን ያሳያልና።

ሌላው ትንፋሻችን ነው። አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርገውን ታውቁታላችሁ። «በልተሃል?» ሲሉት ድንገት ትንፋሹን የሚስብ በሽተኛ ፊት ለፊት የተቀመጠች አዲስ ነርስ ምን ታስባለች? ሲስተር መጀመሪያ ላይ አንድ ሽማግሌ በሦስት ጥያቄ ሦስት ጊዜ ትንፋሻቸው የተቆረጠ መስሏቸው ሐኪም ሊጠሩ ሮጡ። ሽማግሌው ሦስቴ አዎ ማለታቸው ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጎረቤቴ ሲሆኑ ሲስተር ራሳቸው እንዲያ ነበር አዎ የሚሉት፤ አገራቸው ሲሄዱም እኅታቸው «ምን ነካሽ?» ብለው እንደሚደነግጡባቸው ነግረውኛል።

ሰዓቱም ነበር። የእኛ 2 ሰዓት ጠዋት የእነሱ 8 ነው። ሻይና ቀጠሮ ላይ ሲሆን ጉዳት የለውም፤ የመድኃኒት ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ሲስተር ቁጥሩን ትተው «ፀሐይ ስትወጣ፣ ከምሳ በኋላ፣ መብራት ሲበራ» ይሉ ነበር። ጿሚውን ደግሞ መጀመሪያ ስንት ሰዓት እንደሚገድፍ ይጠይቁታል። ረመዳን ሲሆን ሙስሊሙን እንዲሁ።

ከሁሉ የረዘመባቸው ግን አንቱታ ነው። ፈረንጅ ቋንቋ የሚለምደው ሰው እሱን ሲጠራው እየሰማ ነው። ሰው ሁሉ «አንቺ» ስለሚላት ሴቲቱ ወንዱን «አንቺ» ትላለች፤ በልጆች መካከል የለመደ ሽማግሌውን «አንተ» ይላል። ሲስተር ይህን ስሕተት ሠርተው ሰው ሲስቅ ስለሰሙ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ፤ እኔን የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ይሉኝ ነበር። እናቴ አረመቻቸው። ሲስተርም እናቴን እስኪሄዱ ድረስ ከልባቸው አመሰገኗት።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ልገሥጽ። ፈረንጅ አንድ ቃል አማርኛ ሲናገር «ጎበዝ! ትችላለህ!» ብለን እናጨበጭብለታለን፤ ከዚያ በማናውቀው እንግሊዝኛ እንመልስለታለን። ሁለቱም ክፉ ነው። ጭብጨባው አስተማሪ አይሆነውም፤ እንግሊዝኛችን ደግሞ በሩን ይዘጋበታል። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጀምሮ ከሆነ በዚያው መልሱለት፤ ሲሳሳት አርሙት፤ ሳትስቁ። እናቴ በአምስት ደቂቃ ያደረገችውን ሰፈሩ ሁሉ በዓመታት አላደረገም፤ ስለሚያከብራቸው ብቻ ዝም ብሎ።

የሲስተርን ያህል ልትመሰገን የሚገባት አንዲት የሥራ ስም አለች፤ ድሬሰር። ዛሬ ወጣቱ ቃሉን አያውቀውም፤ የሚያውቀውም «ቁስል አሳሪ» ብሎ ያሳንሰዋል። በሆስፒታሉ የሠለጠኑት ድሬሰሮች መርፌ ወጉ፣ ወባ መረመሩ፣ አዋላጅ በሌለበት አዋለዱ። ከሁሉ በላይ ግን የሚሲዮናዊው ጆሮ ነበሩ። «በእጅሽ አሳዪኝ» ያለው ሰው ባይኖር የሲስተር ዕውቀት በር ላይ ይቀር ነበር። በበሽተኛው ኦሮምኛና በሐኪሙ እንግሊዝኛ መካከል ቆመው፣ ሕመሙን በሦስት ቋንቋ ተሸክመው ያለፉ ሰዎች ናቸው። የሚሲዮን ታሪክ ሲጻፍ የፈረንጆቹ ስም ይዘረዘራል፤ የእነሱ ግን «ረዳቶች» በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። ይህ ያሳዝነኛል።

ስለ ጥርስም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲስተር በጣም የሚቆጡበት ነበርና። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሲሆን «አይፍቅም፣ ቆሻሻ ነው» የሚል አለ። ነገሩ ከመፋቅ ጋር አይገናኝም። የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ያለፈ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በወንጂና በሸለቆው ብዙ ቦታ ከዚያ የሚበልጥ ውኃ ሰው ሲጠጣ ኖሯል። ልጅ ጥርሱ ከድድ ሳይወጣ ይበላሻል፤ ሲብስ አጥንትም ይጎብጣል። በልጅ ጥርስ አትቀልዱ።

ሚሲዮን የነበረባቸውን ሌሎቹን ከተሞች በችኮላ ባልፋቸው ይቅር በሉኝ። መቂ ላይ ካቶሊኮች፣ ባቱ (ዝዋይ) ላይ የዶን ቦስኮ እኅቶች፣ ኩየራ ላይ አድቬንቲስቶች፣ ሻሸመኔ ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያነሡ ሌሎች፤ እያንዳንዳቸው ጽሑፍ ይወጣቸዋል።

በዘመን የቀደሟቸውን ግን ልጥቀስ። ጣልያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉልየልሞ ማሳያ፣ እኛ አቡነ ማስያስ የምንላቸው፣ በ1846 ወደ ኦሮሞ አገር እንዲሄዱ ተሾመው በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ሲባረሩ ዕድሜያቸው 70 ነበር። አገራቸው ገብተው «35 ዓመት» ያሉትን ኑሯቸውን በ12 ቅጽ ጻፉ። ሕዝቡ ግን ያን ሁሉ ቅጽ ሳያይ ስም አውጥቶላቸው ነበር፦ «አባ ፈንጣጣ»። ፈንጣጣ ይከትቡ ስለነበር ነው። የጳጳስነታቸውን ማዕረግ ያላስታወሰ ሰው ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ያስታውሳል።

ሲስተር ሰማንያ ሲጠጉ ጉልበታቸው እምቢ አላቸውና ሄዱ። ደብተሩን አብራቸው ለምትሠራ ወጣት ነርስ ሰጧት። አንድ ቀን አሳየችኝ፤ «ልብ» የሚለው ቃል ብቻ ሁለት ገጽ ሞልቷል።

ባለፈው ዓመት እናቴ አሟት ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ተረኛው ወጣት ከወረቀቱ ዓይኑን ሳያነሣ «ምንሽን ነው፣ ማዘር?» አላት። «ልቤን» አለች። እሱም የልብ ምርመራ ብሎ መጻፍ ጀመረ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «እስቲ ቀና ብለህ እጇ የት እንዳለ እይ።»

ቀና አለ። እናቴ ጨጓራዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር።